ባዶ ሙቅ ውሃ

ቼንግዱ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጀርባ፣ ሥጋ የማይገባበት ምግብ ቤት አለ። መነኮሳቱም ተሳላሚዎቹም የሰፈሩ ጡረተኞችም እዚያ ምሳ ይበላሉ። ማዕዶት ሳህሉ ቤቱን ያገኘችው በሁዳዴ መጀመሪያ ሳምንት፣ በሙዝና በዳቦ ስትውል ከሰነበተች በኋላ ነበር።

ከኦስሎ የመጣችው ለአንድ የትምህርት ወቅት ነው። የምትማረው የከተማ ፕላን ነው፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ከዩኒቨርሲቲው በር ስትወጣ ግን እንግሊዝኛዋ እዚያው ከጥበቃው ጋር ይቀራል። የፍራፍሬ ሻጩ፣ ስኳር ድንች የሚጠብሰው ሰውዬ፣ ጫማ የሚሰፋው ሽማግሌ ሳይቀር ሂሳብ የሚቀበሉት በስልክ ነበርና የኖርዌይ የባንክ ካርዷን የሚያውቅላት አልተገኘም። ባቡር ውስጥ አሮጊቶች በዓይናቸው አስፈቅደው ጸጉሯን ይነካሉ። በተቀመጠችበት ሁሉ ደግሞ ሙቅ ውሃ ይቀርብላታል። ሻይ ቅጠል የለው፣ ስኳር የለው፤ ባዶ ሙቅ ውሃ። መጀመሪያ ላይ የታመመች መስያቸው ይሆን ብላ ነበር።

ምግብ ቤቱ ውስጥ የተደረደረውን ስታይ ደነገጠች። ከነቆዳው የተጠበሰ ዳክዬ አለ። ከነዓይኑ የተጋደመ ዓሣ አለ። ሥጋ ነው ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ነጭ ቆብ ያደረገችው አስተናጋጅ ሳቀች፤ ከዚያ የእጇን አንጓ ያዘችና፣ የጠፋ ልጅ ለዘመዱ እንደሚያስረክብ ሰው፣ ጥግ ላይ ወደተቀመጠ አንድ ጥቁር ወጣት ወሰደቻት።

ወጣቱ በእንግሊዝኛ አስረዳት። ዳክዬውም ዓሣውም አኩሪ አተር ነው። ቆዳውን ግን እንዴት እንደሚሠሩት እሱም አልገባውም። እንድትቀመጥ ጋበዛትና ጥቂት በእንግሊዝኛ አወሩ። ብዙ ትቆያለሽ ወይ ሲላት፣ ሐሳቧ ዳክዬው ላይ ስለነበር፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ እየሳበች «ያ» አለችው። ኖርዌያውያን አዎ የሚሉት እንደዚያ ነው።

የወጣቱ የምግብ እንጨቶች አየር ላይ ቆሙ።

«ይህን ትንፋሽ የት ነው የተማርሽው?» አላት በኖርዌይኛ።

«ኦስሎ፣ ሊንደበርግ ሰፈር» አለችው።

«እኔም እዚያው ኦስሎ፣ ሮምሶስ ነኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። አስተናጋጇ አዲስ ሳህን ስታመጣ ወጣቱ ከመብላቱ በፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ አማተበ። ማዕዶት አየችው። በአማርኛ፣ «ጾመኛ ነህ እንዴ?» አለችው።

እንጨቶቹን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አያትና ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ፊቱ ፈገግ አለ።

«አፌ ጾመኛ ነው» አለ። «ዓይኔ ግን ይኸው በዳክዬ ገደፈ።»

ኖኤል ይባላል። ምህንድስና ተምሮ ሲጨርስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት ልዋስ ብሎ እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ ነው። የመጀመሪያው ቀን አንዲት የተማሪ እናት ስልኳን ዘርግታ በስልኩ አስተርጓሚ የጠየቀችውን ነገራት። ስልኩ በጨዋ ድምፅ፣ እውነተኛው አስተማሪ መቼ ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቀው። ኖኤል ይህን የሚያወራው ሰውን ለማሳቅ ነው፤ ሰውም ይስቃል። ማዕዶት አልሳቀችም። «ምን ብለህ መለስክ?» አለችው።

ጥያቄውን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ውሃውን እያየ፣ «እሱ እስኪመጣ እኔ ልጀምር አልኳት» አለ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አያት።

ዓርብ ዓርብ ነበር የጀመሩት፤ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ለሌላው ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዶች ናቸው፤ እንደ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይጠቆምላቸዋል፣ ይጮኽላቸዋል፣ በጣት ይቆጠርላቸዋል። እርስ በርሳቸው ሲሆኑ ግን ስለ ቤት ኪራይና ኮሙን ስለሚሉት የኦስሎ ማዘጋጃ ቤት በኖርዌይኛ፣ ስለ እናትና አባት በአማርኛ ያወራሉ። ሲመሽ ባልቴቶች የሙዚቃ ሳጥን ይዘው አደባባይ ይወጡና በሰልፍ ይደንሳሉ። አንድ ቀን ማዕዶትን ጎትተው አስገቧት። ሰልፉ ወደ ቀኝ ሲሄድ እሷ ወደ ግራ ሄዳ ከአንዲት ባልቴት ጋር ተጋጨች፤ ኖኤል ከዳር ቆሞ ቦርሳዋን እንደያዘ እስኪያስለው ሳቀ።

አስተናጋጇን አገሬው አክስት ሲል በሚጠራበት ስም አዪ ይሏታል። አዪ ለየራሳቸው ብርጭቆና ለየራሳቸው ቴርሞስ ታቀርብ ነበር። ውሃውን መጀመሪያ የለመደው ኖኤል ነው። ማዕዶት ጣዕም የለውም ስትል፣ «ስለሌለው እኮ ነው» አላት፤ «ምንም አይጠይቅሽም።»

አንድ ቀን አዪ ስልኳን አወጣችና የሆነ ነገር ተናገረችበት። ስልኩ በእንግሊዝኛ፣ ይህ ባልሽ ነው ወይ አለ።

ማዕዶት ኖኤልን አየችው። ኖኤል ብርጭቆውን አየ። አይደለም የሚል ጠፋ። አዪም የምትፈልገውን እንዳገኘች ሁሉ ራሷን ነቀነቀችና ስልኳን ከተተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታመጣላቸው አንድ ቴርሞስ ብቻ ሆነ።

ያን ዕለት ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሄዱ እጇን ያዘ። እሷም ያዘችው።

ፋሲካ ሲቃረብ ኖኤል አባቷን ማየት እንደሚፈልግ ነገራት። ወሬውን ከሰው ከሚሰሙ ከእኛ ይስሙት፤ ቀኑም የደስታ ቀን ነው አላት። ማዕዶት ተስማማች። እናቷን በልጅነቷ ነው ያጣችው። አቶ ሳህሉ በአንድ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ብቻቸውን አሳድገዋታል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ውሏቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጃቸው ቻይና ስትሄድ እዚያ የሚሠራውን የስልክ መተግበሪያ የጎረቤት ልጅ ሳይለምኑ ራሳቸው አስገብተው፣ በየሳምንቱ በምስል ይደውላሉ። ምን እንደምትላቸው ቀድማ አጠናች። አባዬ፣ ላገባው የምፈልገው ሰው ነው። ሌላ ነገር አልጨመረችበትም።

በፋሲካ ዕለት ቼንግዱ ቀትር ሲሆን ኦስሎ ገና ማለዳ ነበር። አባቷ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። የእንኳን አደረሰህ ሰላምታዋን ጨረሰችና፣ የማስተዋውቅህ ሰው አለ አለቻቸው። ኖኤል ጎንበስ ብሎ ምስሉ ውስጥ ገባ።

«እንኳን አደረስዎት።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን የኔ ልጅ። የማን ልጅ ነህ?»

«የተክለሃይማኖት። እናቴ ሙሉ ትባላለች። ያደግሁት ሰሜን፣ ትሮምሶ ነው።»

አቶ ሳህሉ ወደ ስልኩ ቀረቡ፤ ግንባራቸው ብቻ እስኪታይ ድረስ ቀረቡ።

«የሞታኩ ተክለሃይማኖት?»

«ያ … አዎ። የተወለድኩት እዚያ ነው። አባቴ ጥገኝነት ጠይቆ ሞታክ ተቀምጦ ሳለ።»

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ለጥቂት ጊዜ የሊንደበርግ ቤት ጣሪያ ብቻ ታየ። ከጣሪያው በታች የአንድ ትልቅ ሰው ልቅሶ ይሰማ ነበር። ማዕዶት እናቷ የሞተች ዕለት ካልሆነ በቀር አባቷ ሲያለቅሱ ሰምታ አታውቅም።

«ወልደ ገብርኤል» አሉ ተመልሰው ሲታዩ። «አንተን ክርስትና ያነሳሁህ እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆቼ። ማዕዶት፣ ወንድምሽን አገኘሽው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሳህሉና ተክለሃይማኖት ስደተኞች መጀመሪያ በሚቆዩበት በዚያ ሞታክ አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር። በዚያ ዘመን ቄስ ከሌላ አገር ነበር የሚመጣው፣ ያውም አልፎ አልፎ። የተክለሃይማኖት ልጅ አርባ ቀን ሲሞላው ክርስትና የሚያነሳ ሌላ ሰው ስላልነበር ሳህሉ አነሳው። ስሙም ወልደ ገብርኤል ተባለ፤ ሁለቱ ወዳጆችም አበልጅ ሆኑ። ክርስትና ያነሳ አባት ነው፤ ልጁም ከአባትየው ልጆች ጋር ወንድም ነው። በመሃላቸው ጋብቻ የለም። በኋላ መንግሥት የተክለሃይማኖትን ቤተሰብ ወደ ሰሜን ላከው። የሳህሉ ሠርግ ሲደርስ፣ ጥሪው በሰው ተልኮ መንገድ ላይ ቀረና ተክለሃይማኖት አኮረፈ። ኩርፊያው ሰውየው እስኪሞት ቆየ። ሳህሉ ቀብሩ ላይ አልነበሩም፤ የሰሙት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በጸሎታቸው መጨረሻ ሁልጊዜ ወልደ ገብርኤል የሚል ስም ይጠሩ ነበር። ኖኤል ብለው ጠርተውት ስለማያውቁ ማዕዶት ስለ እሱ የምታውቀው ያን የጸሎት ስም ብቻ ነበር። ባሏ ሲሞት ልጇን ይዛ ኦስሎ የገባችው ወይዘሮ ሙሉም ባሏ የሞተበትን ቅሬታ ለልጇ አላወራችም።

አባቷ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት፣ አሁን ብሞት አይቆጨኝም አሉ።

ሁለቱም ተነሥተው ወጡ። በዕለቱ ሥጋ ሊበሉ የመረጡት ቤት ነበር፤ ቀደም ብለው ጠረጴዛም ይዘው ነበር። እግራቸው ግን ሳያስቡት ጾም ቤቱ አደረሳቸው። አዪ አንድ ቴርሞስና ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠችላቸው።

«እዚህ ማንም አያውቅም» አለ ኖኤል።

«እኛ እናውቃለን።»

«ኦስሎ ስንመለስ ማዘጋጃ ቤት ሄደን መፈራረም እንችላለን። ሕጉ አይከለክለንም።»

ማዕዶት የአባቷን ግንባር አሰበች፤ ስልኩን የሞላውን ግንባር። «ቆይ» አለችው።

ቆየ። በቀሩት ሳምንታት አብረው በሉ፣ አብረው ባቡር ጠበቁ፤ እጅ ግን አልተያያዙም። አዪ ሁለቱን አየት አድርጋ አንድ ነገር ልትጠይቅበት ስልኳን አወጣችና ሐሳቧን ቀይራ መልሳ ከተተችው። የመጨረሻው ቀን ለኖኤል ትንሽ ቴርሞስ ሰጠችው። አንድ ነው የሰጠችው፤ ለሁለቱም ማለቷ ነበር።

ኦስሎ ሲደርሱ አቶ ሳህሉ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጡ። አበባ ይዘዋል፤ አበባውን ለማዕዶት ሰጡና እጃቸው ባዶ ሲሆን ኖኤልን አቀፉት። አልለቅ አሉት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ኖኤል ሊንደበርግ ነው ምሳው። አባቷ ሮምሶስ ድረስ ሄደው ከወይዘሮ ሙሉ ጋር ታረቁ፤ ሲመለሱ ደረጃውን እንደ ወጣት ነበር የወጡት። ለሰው ሁሉ «ልጄ ነው» እያሉ ያስተዋውቁታል። አንገታቸው ቀና አለ፤ ምግብ ይበላላቸው ጀመር። ማዕዶት ለመናገር ባሰበች ቁጥር ይህን ታያለች።

ኖኤል አንድ ቄስ ዘንድ ሄዶ፣ ስም ሳይጠራ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስሎ ጠየቀ። ቄሱም የማን እንደሆነ ሳያውቁ አይሆንም አሉት። ይህን የነገራት ከከተማ ሲመለሱ፣ ቶየን ጣቢያ መድረኩ ላይ ቆመው ነው። የሊንደበርግና የሮምሶስ መስመር እስከ ቶየን አንድ ነው፤ ከዚያ ይለያያል።

«የጠየቅሁት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም» አላት። «አንድ ሰው ጮክ ብሎ እንዲለው ፈልጌ ነው። አሁን ሰማሁት። አሁንም ካንቺ ጋር መሆን እፈልጋለሁ።»

ማዕዶት የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች።

«እኔ ልነግራቸው ዝግጁ ነኝ። ግን ያላንቺ ፈቃድ አልነግራቸውም። አባትሽ ናቸው።»

ልትል የፈለገችው ሌላ ነበር። አብረን እንንገረው ልትለው ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን፣ «ያንተም አባት ነው» የሚል ሆነ።

ኖኤል የሆነ ሰው ትከሻውን የነካው ይመስል ዞር አለ። የሮምሶስ ባቡር መጣ፤ በሩ ተከፈተ። አልገባም። እሷን እያየ ቆመ፤ ፊቱ ላይ ልመና አልነበረም፣ መጠበቅ ብቻ። ባቡሩ ሄደ። ማዕዶት የመድረኩን ቢጫ መስመር ታይ ነበር። የሚቀጥለው ባቡር ሲመጣ ኖኤል፣ «እሺ፣ እኅቴ» አለና ገባ።

በምጸት አልነበረም ያላት። ምጸት ቢሆን ኖሮ በቀለላት።

ከዓመታት በኋላ ኖኤል ሃይማኖት የምትባል ልጅ አገባ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ናት። በሠርጉ አቶ ሳህሉ በሙሽራው አባት ወንበር ተቀመጡ፤ ማዕዶትም እኅት በምትቆምበት ቆማ እልል አለች። ባልና ሚስቱ ፕሪንስዳል ቤት ገዙ። ማዕዶት በከተማው አስተዳደር ሥራ ይዛ፣ ሊንደበርግ ከአባቷ ጋር ቀረች። የሚጠይቋት ወንዶች ነበሩ። በጨዋነት ትመልሳቸው ነበር።

አቶ ሳህሉ ታመው አልጋ በያዙበት የመጨረሻ ክረምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በመስኮቱ በረዶው ሲቀልጥ እያዩ ጠሯት።

«በዚያ ፋሲካ፣ ስታስተዋውቂኝ፣ ልትዪኝ የነበረው ሌላ ነው» አሉ።

ማዕዶት ትራሱን ታስተካክል ነበር፤ እጇ ቆመ።

«መጀመሪያ ደስታዬ ጋርዶኝ ነበር። በኋላ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፊትሽን አየሁ። ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። እሱም መጥቶ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ።»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር አባዬ?»

አባቷ ብዙ አሰቡ። ሊዋሹላት አልፈለጉም።

«እሱን አላውቅም» አሉ። «ምናልባት አይሆንም እል ነበር። ግን ብቻሽን አልተውሽም ነበር።»

የሞቱት ፍልሰታ ሳይገባ ነው። ኖኤል እንደ ልጅ ከፊት ሆኖ ሬሳቸውን ተሸከመ።

በዓመቱ ለኖኤልና ለሃይማኖት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ኤማ አሏት። ክርስትናዋ ሲቃረብ ሃይማኖት ሊንደበርግ ድረስ መጣች። ከእኅቱ ሌላ ማን ያነሳታል አለች፤ ኖኤል ራሱ አንቺ ጠይቂያት ብሎኝ ነው ብላ ጨመረች። ማዕዶት ሻይ ልታፈላ ተነሥታ ጓዳ ቆየች። ስትመለስ፣ ደስ ይለኛል አለቻት።

ጉባኤው የሚገለገልበት ቤተ ክርስቲያን የኖርዌያውያን ነው፤ እነሱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ የኢትዮጵያውያኑ ቅዳሴ ይጀመራል። ሰማንያ ቀኗ የሞላው ሕፃን በነጭ ተጠቅልላ ለማዕዶት ተሰጠች። ማዕዶት ወደ ምዕራብ ዞራ ስለ ሕፃኗ ሰይጣንን ካደች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስለ ሕፃኗ አመነች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ከውሃው ስትወጣ ሕፃኗ ጮኸች፤ ማዕዶት ደረቷ ላይ ስታስጠጋት ዝም አለች። ኖኤል ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። አበልጅ ከአበልጅ እንደማይጋባ ታውቃለች፤ የመጀመሪያውን በር የዘጉት አባቷ ነበሩ፤ ይህንኛውን ግን ራሷ በእጆቿ አቅፋ እየዘጋችው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ አዳራሹ ወረደ። ልጆች በኖርዌይኛ እየተጯጯሁ በጠረጴዛ ሥር ይሮጣሉ፤ ሴቶች ድስት ይከፍታሉ። ማዕዶት ሕፃኗን ታቅፋ አንድ ጥግ ተቀመጠች። ኖኤል መጣ። ትንሽ ቴርሞስና ሁለት ብርጭቆ አጠገቧ አስቀመጠና ሳይጠይቃት ቀዳላት።

«ጠጪ፣ አበልጄ» አላት።

ሃይማኖት ከኋላው ደረሰች። «ተዪው እባክሽ» አለች እየሳቀች፤ «የበሽተኛ ውሃውን ሊያጠጣሽ ነው። ቅጠል የለው፣ ስኳር የለው። ቻይና ለምዶት ነው ይላል እንጂ ለምን እንደሚወደው ነግሮኝ አያውቅም። እስቲ ዛሬስ ልቅመሰው።»

ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነበር። ማዕዶት የራሷን አነሣችና ሰጠቻት።

ሃይማኖት ተጎነጨች። አፏ ውስጥ ጥቂት አቆየችው፤ ከዚያ ግራ እንደተጋባ ሰው ሁለቱን በየተራ አየቻቸው።

«ምንም ጣዕም የለውም» አለች።

ኖኤል የቴርሞሱን ክዳን ማጥበቅ ጀመረ። ማዕዶት ጎንበስ ብላ የሕፃኗን ማዕተብ አስተካከለች። ሁለቱም ቀና አላሉም።